ሟች ድምፅ አይሰጥም

የእህቴ ባል ኖሪስ አፕልጋርዝ ሃያ ዓመት ሙሉ በየኅዳሩ ሲሞት ኖሯል።

ኖሪስ እንግሊዝ አገር ግሪምስቢ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ይነዳል። ሚስት አለው፣ ውሻ አለው፣ ጓሮው ውስጥ ሽንኩርት ይተክላል። በዓመት አንድ ቅዳሜ ግን ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ባለው አዳራሽ ቢጫ ሸሚዝ ለብሶ ጠረጴዛ ላይ ይጋደማል። አንሶላ ያለብሱትና ስምንት ጎልማሶች በላዩ ላይ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። እኔም እህቴ «አብረኸው ሂድ፣ ጀርባውን ያመዋል፣ ደግፈህ አንሳው» ስለምትለኝ በየዓመቱ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆች ሳለን ስለ አንዲት የጠፈር መርከብ የሚተርክ ተከታታይ ፊልም በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተቋረጠ። አገሩ ሁሉ ረሳው፣ ኖሪስና እነዚህ ስምንቱ ብቻ አልረሱትም፣ ማኅበር አቋቋሙለት። በአንዱ ክፍል ላይ መርከቧ ትቀደዳለች። ካፒቴኑ ላሪሞር የሚባለውን ጀማሪ መኮንን ሄዶ የኋላውን በር እንዲዘጋ ያዘዋል። ልጁ ይሄዳል፣ በሩ ይዘጋል፣ ልጁ በወዲያኛው በኩል ይቀራል። እንግዲህ የዘላለሙ ጥያቄ እነካፒቴን እንደሚሞት እያወቁ ነው የላኩት ወይስ ሳያውቁ የሚል ነው።

ማኅበሩ በየኅዳሩ በዚህ ላይ ችሎት ይቀመጣል፤ ኖሪስ የላሪሞር ሬሳ ይሆናል፣ ስምንቱ ከሳሽና ተከላካይ ሆነው ይከራከራሉ። ማስረጃው አንዲት እይታ ናት። ካፒቴኑ «ላሪሞር ይሂድ» ከማለቱ በፊት የመርከቧን ሐኪም ቀና ብሎ አየት ያደርጋታል። እንደ ከሳሾቹ ከሆነ ሁለቱ በዓይን ተማክረው ልጁን ገድለውታል። እንደ ተከላካዮቹ ደግሞ ካፒቴኑ ያየው ከሐኪሟ ራስ በላይ የተሰቀለውን ሰዓት ነው። በዚህች እይታ የተነሳ ትዳር ሲፈርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ኖሪስ በልቡ ከተከላካዮቹ ወገን ነው። «ካፒቴን ሰውን አሳልፎ አይሰጥም» ይላል። ሆኖም ሟች ድምፅ አይሰጥም የሚል ደንብ አላቸው። ስምንቱ ሁልጊዜ አራት ለአራት ይወጣሉ፣ ነገሩም ለከርሞ ያድራል።

ለምን እሱ ሟች ሆነ? በማኅበሩ ማዕረግ የሚሰጠው በገቡበት ተራ ነው። መጀመሪያ የገባው ምንጣፍ ሻጩ ክላይቭ ኦርሜሮድ ካፒቴን ነው። ቀጥላ የገባችው ቤሪል ስቶት ሥራዋ የውሻ ፀጉር መቁረጥ ሲሆን እዚያ ግን ሐኪም ናት። ኖሪስ መጨረሻ ገባ። ከእሱ በኋላ ማን ይግባ? ጤነኛ ሰው እዚያ ምን ይሠራል! እናም ኖሪስ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ጀማሪ መኮንን ሆኖ ቀረ። ወንበር ይደረድራል፣ ሻይ ያፈላል፣ ይሞታል፣ ከዚያ ተነስቶ ኩባያ ያጥባል። መንገድ ላይ «አንተ» የሚለውን ክላይቭን አዳራሹ ውስጥ «እርስዎ» ይለዋል። ደስተኛ ነበር፣ ይኼ ነው የሚያናድደኝ።

ባለፈው ዓመት ክላይቭ የጭስ ማሽን ተከራይቶ መጣ። በዚያው ቀን ከጎን ባለው ክፍል ከቀብር የተመለሱ ለቀስተኞች ሳንድዊች ይበሉ ነበር።

«ካፒቴን፣ ይቅርብዎት፣ ጎረቤት ለቅሶ አለ» አለ ኖሪስ ከአንሶላው ሥር።

«ሬሳ ዝም ይበል!» አለና ክላይቭ ቁልፉን ተጫነው።

ጭሱ በበሩ ሥር አልፎ ለቀስተኞቹ ላይ ወጣ። የእሳት ደወሉ ጮኸ፣ እሳት አደጋ መጣ። ባልቴቷ ሳንድዊቿን እንደያዘች ዝናብ ላይ ቆማ «ባሌ ሃሮልድ ሬሳዬን እንዳታቃጥሉ ብሎ ተናዞ፣ በሥርዓት ቀብሬው ብመጣ ጭሱ ተከትሎኝ መጣ!» እያለች ስታለቅስ ስምንቱም ወደ እግራቸው ተመለከቱ።

በማግስቱ መጠጥ ቤት ተሰበሰቡ። ክላይቭ ቄሱን በስልክ አነጋግሮ ነበር። «አዳራሹን እንዳይነሱን አንድ ሰው ማኅበሩን ወክሎ ይቅርታ ይጠይቅ ብለዋል» አለ። ከዚያ ቤሪልን ቀና ብሎ አየት አደረጋት። ከራሷ በላይ ሰዓት አልነበረም፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው አንድ የደረቀ ዓሣ ነው።

«ኖሪስ ይሂድ» አለ። «ለስላሳ አንደበት አለው።»

ኖሪስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እሺ ካፒቴን።»

ቁልፉን ማን እንደተጫነ የማያውቅ አልነበረም፣ አንድም ሰው ግን ትንፍሽ አላለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

ኖሪስ ሄደ፣ ዕድሜ ልኩን ከአዳራሹ ታግዶ ተመለሰ። ለካስ ቄሱ በስልክ ያሉት ሌላ ነበር። ጥፋተኛው ይታገዳል፣ ካልቀረበ ግን ማኅበሩ በሙሉ ይወጣል። ክላይቭም «ጥፋተኛው ራሱ ይመጣል» ብሎ ቃል ገብቶላቸው ኖሯል።

«ታዲያ እኔ አይደለሁም አትላቸውም ነበር!» ብዬ ጮህኩበት።

«ብል ሁሉም ይወጣሉ። ሌላ ምን አላቸው?»

«አንተስ ምን አለህ?»

ውሻውን ማሻሸት ጀመረ። «ክላይቭ እንዲህ ይሆናል ብሎ ላያስብ ይችላል» አለኝ። በሬ ካራጁ ይውላል አልኩት፣ ተቀየመኝ።

ከዚያ ወዲያ የደወለለት የለም። ቤሪል አውቶቡሱ ላይ ስትሳፈር መስኮት መስኮቱን ታይ ነበር። ክላይቭማ የኖሪስን አውቶቡስ ካየ ዝናብም ቢሆን በእግሩ መሄድ አመጣ። እህቴ «ስልኩ የተበላሸ እየመሰለው ደጋግሞ ያነሳዋል» አለችኝ።

ኅዳር ሲደርስ ኖሪስ ቢጫ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ ደጃፌ ላይ ቆመ። «በመኪናህ አድርሰኝ» አለኝ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሰው።

ስንደርስ አንሶላው ሥር ሁለት ትራስ አጋድመው ክርክር ላይ ነበሩ። ሻይ የለም። ማን ያፍላው በሚለው ላይ ቀደም ብለው ተጣልተው ኖሯል። ኖሪስ በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ቆመ። እገዳውን አክብሮ አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ውስጥ አልገባም፣ ዝናቡ ጀርባውን ይመታዋል።

«ክላይቭ፣ ልመስክር» አለ። ካፒቴን አላለውም።

«ሟች አይናገርም» አለ ክላይቭ።

«አልሞትኩም። ታገድኩ እንጂ።»



«ካፒቴኑ አውቋል፣ አላወቀም ስትባባሉ ሃያ ዓመት እዚያ ተኝቼ ሰማኋችሁ» አለ ኖሪስ። «ላሪሞርስ አውቆ ነበር ወይ ያለ የለም። ላሪሞርም እኮ ዓይን አለው፣ እይታዋን አይቷታል።»

«ታዲያ ለምን ሄደ?» አለች ቤሪል ቀስ ብላ።

«ካልሄደ መርከቧ ትጠፋለቻ! ከእሷ ሌላ ምን ቤት አለው? በመሄዴ አልተቆጨሁም፣ ዛሬም ቢሆን እሄዳለሁ። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ በመስታወቱ ብቅ ብሎ ያየኝ አንድ ሰው የለም።»

ክላይቭ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ከመናገሩ በፊት ግን ቀና ብሎ ቤሪልን አየት አደረጋት። ስምንቱም በአንድ አዳራሽ ውስጥ ናቸውና ሁሉም አዩት። ከራሷ በላይ ያለው ባዶ ግድግዳ ነበር።

ቤሪል ከተከላካዮቹ ወገን ነበረች። ተነሳችና ወንበሯን እየጎተተች ወደ ከሳሾቹ ጎን ወሰደች፣ ድምፁ እስከ ደጅ ይሰማል። ኖሪስ ግን ይህን አላየም፣ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መኪናዬ እየሄደ ነበር።