ውሃው እስኪረጋ

እኛ ከውሃ ሰዎችና ከምድር ሰዎች የተወለድን ክልሶች ነን። አያቴን አካኮ እንላቸው ነበር፤ አባታቸው ከወንጪ ሐይቅ ውስጥ የወጡ፣ እናታቸው የአምቦ ገበሬ ነበሩ። ከምድር ወገናችን ቶሎ መቆጣትን፣ ከውሃ ወገናችን ቂም መያዝን ወርሰናል። ሁለቱ አንድ ቤት ሲገናኙ ምን እንደሚመስል ጎረቤት ይመስክር።

ስንጣላ አካኮ ጎድጓዳ ሳህን በውሃ ሞልተው መሃላችን ያስቀምጣሉ። ወጋችን ነው፤ ውሃው ሳይረጋ ማንም አይናገርም። አንድ ቀን ከእህቴ ጋር ተጣልተን ውሃው ላይ አፍጥጠን ስንጠብቅ፣ ሊረጋ ሲል የሳህኑን ጠርዝ በጣታቸው ነካ ሲያደርጉ ያዝኳቸው።

“አካኮ! እርስዎ ነዎት እንዴ የሚያናውጡት?”

“ፊትሽ ገና አልረጋማ” አሉኝ፣ ምንም ሳያፍሩ።

አካኮ ያረፉ ዕለት ዘመድ ለሁለት ተከፈለ። የጉደሩ አጎቴ “አምቦ፣ እናታቸው አጠገብ ይቀበሩ” ሲሉ፣ የወንጪዎቹ “ወደ ሐይቃቸው ይመለሱ” አሉ። አስከሬኑ ቤት ውስጥ ሆኖ ግቢው በጩኸት ተሞላ። ሳህኑን ሞልቼ መሃላቸው አስቀመጥኩት። ሁሉም ውሃው ላይ አፈጠጡ። ውሃው ሊረጋ ሲል የአጎቴን ፊት አየሁና ጠርዙን ነካ አደረግሁት። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። በመጨረሻ አጎቴ ራሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ሐይቁ ዳር ይቀበሩ፤ ለውሃውም ለምድሩም ይቀርባሉ” አሉ። እንዳሉትም ሆነ።

ሳህኑ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። ከሰው ስጣላ ሞልቼው ፊቱ እቀመጣለሁ። ውሃው ቶሎ ይረጋል፤ ፊቴን አይቶ ነካ የሚያደርግልኝ የለም።