ጀርባውን የሰጠው ሰው

ከሚኒባሱ ያወረዱኝ ሻንጣዬ ውስጥ አፈር ስላገኙ ነው። ተራ የገብስ ማሳ አፈር፣ በላስቲክ የታሰረ። የምኖረው አውሮፓ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ነው፤ ሥራዬ የአፈር ምርምር ነው። ለእረፍት አገሬ ስገባ ከአቀስታ ዙሪያ ትንሽ ልውሰድ ብዬ ነበር። ይህን ለኬላው ወታደር ሳስረዳ በትዕግሥት ሰማኝና፣ "እዚያ አፈር የለም?" አለኝ። አፈሩንና ስልኬን ወስደው እኔን መካነ ሰላም አደረሱኝ።

ያስገቡኝ ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ነቀዝ የበላው ባቄላ ይሸታል። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲያገኘው ይንጣጣል፣ ደመና ሲጋርደው ዝም ይላል። ብዙ ሰው ነበርን፤ ሦስቱን ግን አልረሳቸውም። ሁላችንም አባባ የምንላቸው የከላላ ነጋዴ፣ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። በሬ ሊሸጥ አጅባር ገበያ ወጥቶ የተያዘ አንድ ገበሬ ነበር። ሦስተኛው የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ወጣት ነው፤ ሚስቱ ልትወልድ ተቃርባለች። ቤተሰብ ስንቅ ሲያመጣ ሥጋ አይልክም ነበር፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ሳህን እንዲጎርስ ሽሮና ምስር ብቻ ነው የሚገባው።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ስንሰለች አባባ ወደ እኔ ዞረው፣ ዛሬ ደግሞ ወዴት ትወስደናለህ ይሉኛል። እወስዳቸዋለሁ። በብስክሌት ወደ ላቦራቶሪ፤ ሰው በበረዶ ላይ ብስክሌት ይነዳል ብሎ ገበሬው ማመን አልቻለም። ተራራ በሚወጣ ባቡር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባልደረቦቼ ጋር በጀልባ። ጀልባ ላይ የሚያስታውከው አንድ የአቀስታ ልጅ እንዳለ የነገርኳቸው ያን ጊዜ ነው። ስሙን አልጠራሁም፤ ለማሳቅ ያህል ብቻ ነበር፣ ሳቁም።

መርማሪው ደግሞ ከስልኬ ውስጥ አንድ ፎቶ መርጦ ያዘ። የጀልባውን። ባልደረቦቼ ይስቃሉ፤ ጠርዝ ላይ ኮፍያ ያጠለቀ አንድ ሐበሻ ጀርባውን ሰጥቶ ውሃው ላይ አጎንብሷል። ማነው ሲለኝ አላውቀውም፣ ተሳፋሪ ነው አልኩ። እውነቱ ግን ጓደኛዬ ነው። እዚያ መንግሥትን በሚቃወም ሰልፍ ላይ የሚናገር ሰው ነው፤ እናቱ ደግሞ አቀስታ ብቻቸውን ይኖራሉ። ስሙ ከአፌ ከወጣ የማንን በር እንደሚያንኳኩ አውቅ ነበር።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲያስጠራኝ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

"ጀልባ የሚያስታውከው የአቀስታ ልጅ፣ የማን ልጅ ነው?"

ይህን ለእሱ አልነገርኩም፤ ያወራሁት መጋዘኑ ውስጥ ነው። እስከ ነገ አስብበት ብሎ አሰናበተኝ።

ክፍሉ ስደርስ የሁሉም ፊት ተለወጠብኝ፤ የገበሬው ሳቅ እንኳ አስፈራኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ወጣቱ ሠራተኛ ጠጋ አለኝና፣ ያ ጀልባ የሚያስታውከው የአቀስታ ልጅ የማን ልጅ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። የመርማሪው ጥያቄ ነው፣ ቃል በቃል። አንገቱን ልይዘው ተነሣሁ። ተናድጄ ብቻ ሳይሆን ፈርቼም ነበር። አባባ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። ጥያቄውን እሳቸውም ሰምተዋል።

"አብሽር ልጄ፣" አሉኝ። ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ፣ "እስቲ ያችን ጀልባ አምጣት። ዛሬ ሁላችንም እንሳፈር። እኔ የት ልቀመጥ?"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከፊት፣ ነፋሱ ከሚመጣበት፣ አልኳቸው። በቅሎዬንስ የት ላስራት አሉ። ገበሬው ጠርዝ አታስጠጉኝ፣ እኔ ከመሃል ነኝ አለ። አንዱ ትኬት ቆራጭ ሆነ፣ ሌላው እኔ ልቅዘፍ ብሎ ለመነ። ባልደረቦቼን አንድ በአንድ አወረድናቸውና የመጋዘኑ ሰው ተሳፈረ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ምን እያደረጉ እንደሆነ ገባኝ። ከዚህ በኋላ ስለዚያ ጀልባ የሚወራ ሁሉ ስለ እኛ የሚወራ ነው።

ወጣቱ በሩ ሥር ብቻውን ቀርቷል። ማንም አልጠራውም። እኔም ዝም ልለው ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም።

"ጀርባውን ሰጥቶ የሚያስታውከው ሰው ቦታ ክፍት ነው፣" አልኩት። "ና፣ ተቀመጥበት።"

"ያስታውከኛል፣" አለ።

"እይዝሃለሁ።"

መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እጄን ጣል አደረግኩበት።

በማግስቱ ከእኔ በፊት እሱን ጠሩት። ሲመለስ ከንፈሩ አብጦ ነበር። ውሃ ሰጠሁት፤ ጠጣና ማንም ሳይሰማ አንድ ነገር ብቻ ነገረኝ።

"ጀልባ የሚያስታውከው እኔ ነኝ አልኳቸው።"

ከዚያ በኋላ ስለ ጀልባው የጠየቀኝ የለም። ወጣቱን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት፤ እኔም ምክንያቱ ሳይነገረኝ ተፈታሁ። ስልኬን መለሱልኝ፣ አፈሩን አልመለሱልኝም።

አሁን ሐይቅ ዳር ነኝ። ዛሬም ቅዳሜ ሲሆን ጀልባ እንሳፈራለን፤ ጓደኛዬ እንደ ልማዱ ኮፍያውን አጥልቆ ውሃው ላይ ያጎነብሳል። እናቱ ደህና ናቸው፤ ለምን ቶሎ ቶሎ አትደውልም ብለው ይቆጡታል። እጄን ትከሻው ላይ ጣል ሳደርግ፣ አንተ ደግሞ መቼ ነው እንዲህ አዛኝ የሆንከው ብሎ ይስቅብኛል። አልነገርኩትም። የዚያ ወጣት ሚስት በሰላም ትገላገል፣ ምን ትውለድ፣ እስካሁን አልሰማሁም።