የልጄ ባትና የወጌሻዋ እጅ

የዚያን ዕለት ቤት የነበርነው አራት ነን፦ እኔ፣ ሯጭ ልጄ፣ አሰልጣኟና ከሉማሜ የመጡት ወጌሻ። ወጌሻዋ የባለቤቴን ወገብ አሽተው እንደገና እርፍ እንዲጨብጥ ያደረጉ ሴት ናቸው፤ ያስጠራኋቸውም እኔው ነኝ። የልጄ ባት እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ደብረ ማርቆስ ላይ ለክለብ የሚመረጡበት ሩጫ አለ።

ወጌሻዋ እጃቸውን ቅቤ ቀብተው በአውራ ጣታቸው ሲጫኗት ልጄ ጮኸች።

«ዝም በይ! ዳገት ያላስለቀሰሽ የኔ ጣት ያስለቅስሻል?»

አሰልጣኙ ቀስ ብሎ፣ «እማማ፣ ጠንካራው መታሸት ከሩጫ በኋላ ነው። ዛሬ እንዲህ ከታሸች ነገ እግሯ ይዝላል» አላቸው።

«አንተ ሳትወለድ ጀምሬ ነው የማሸው!»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ሁሉን ነገር እፈራለሁ። ባለውለታዬን ማስቀየሙም አስፈራኝ። ግን ልጄ የመደቡን ጠርዝ ጨብጣ ትንቀጠቀጣለች።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ይብቃት» አልኩ። ፈርቼም ቃሌን አላጠፍኩም።

«ሐኪም ከቤታችሁ ካለ እኔን ምን አስጠራኝ!» ብለው ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። ብለምናቸውም አልተመለሱም።

ከዚያ እኔው አሸኋት። ሕፃን ሳለች ገላዋን አጥቤ እንደማሻት፣ ከቁርጭምጭሚቷ ወደ ጉልበቷ፣ በስሱ። አሰልጣኙ አይቶ፣ «ይኸው ነው፤ ከሩጫ በፊት ይህ ይበቃል። ሰውነቷን ያፍታታል፣ እንቅልፍም ይሰጣታል» አለኝ። በማግስቱ ሮጠች፤ ተመረጠችም።

ከሩጫው በኋላ ግን ባቷ መልሶ ተቋጠረ። ሁለት ቀን ካረፈች በኋላ፣ እብጠት አለመኖሩን አሰልጣኙ አይቶ፣ «አሁን ጠለቅ ያለው መታሸት ነው የሚፈታው» አለ። ሞከርኩ፤ የኔ እጅ እዚያ ድረስ አይደርስም። ሳላመነታ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሉማሜ ወረድኩ። የወጌሻዋ በር ተዘግቷል። ጎረቤት፣ «ታመው ልጃቸው ዘንድ መርጡለ ማርያም ሄደዋል» አለኝ።

ልጄ አሁን ክለብ ናት። ለእረፍት በመጣች ቁጥር እግሯን አሻለሁ፤ ስሱን ችዬዋለሁ፣ ጠንካራው የሳቸው ነው። በጊዜው ሲሆን ሁለቱም እጅ ያስፈልጋታል። ይህንን ሄጄ ልነግራቸው፣ እግራቸውም ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቃቸው ቆርጫለሁ።

መርጡለ ማርያም ያላችሁ፣ ከሉማሜ የመጡ አሮጊት ወጌሻ ካያችሁ፣ ተሽሏቸው እንደሆነ ንገሩኝ።