እንደ በግ የተመረጠው ቻርጀር

የመካነ ሰላም ሰው ዕቃ የሚገዛው እንደ በግ ነው። ሬዲዮም ይሁን የበር ቁልፍ፣ ብድግ አድርጎ በእጁ ሳይመዝን አይወስድም። ከከበደ ጥሩ ነው፣ ከቀለለ ማታለያ ነው። ይህን ልማድ ዕድሜዬን ሙሉ ስንቀው ነው የኖርኩት። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና መናቅ መብቴ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። ደረታቸው ከታመመ ወዲህ ግን ዜማው ይቅርና አንድ ነገር ተናግረው ለመጨረስ እንኳ መሀል ላይ ሁለቴ ያርፋሉ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ወደ ጉም ለውጦ በጭንብል የሚያስተነፍስ ትንሽ ማሽን አዘዘላቸው። ማሽኑ መብራት ይፈልጋል፤ የእኛ ከተማ መብራት ደግሞ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ስለዚህ ከደሴ ዲፕ ሳይክል የሚሉትን ባትሪ አስመጣሁ። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ጉልበቱን ባንዴ ሰጥቶ ያርፋል፤ ይኼኛው ቀስ እያለ ለሰዓታት የሚሰጥ ነው። የቀረኝ መብራት ሲኖር የሚሞላው ቻርጀር ብቻ ነበር።

የእናቴን ወንድም ይዤ ሱቅ ሄድኩ። አጎቴ ወረኢሉ ገበያ ሲመላለስ ያረጀ የበግ ነጋዴ ነው። በእኛ አገር እጁ የሚያውቅ ሰው ሳይዙ ትልቅ ግዢ አይወጣም። ባልፈልገውም ወሰድኩት፤ ለአባቱ ጉዳይ ብቻውን ሄደ እንዳልባል ነው።

ባለሱቋ ገና ወጣት ናት። ሁለት ቻርጀር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ አንዱ የላስቲክ ልባስ ያለው ቀላል፣ ሌላው ባለብረት ሣጥን ከባድ።

«ቀላሉ ሲሞላ ራሱ ያቆማል» አለችኝ። «ለታመመ ሰው ከሆነ፣ ወላሂ ጋሼ፣ እሱን ይውሰዱ።»

የቀላሉን ካርቶን አየሁት። አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ተስሎበታል፤ ከመኪናው ጥላ ሥር ባልና ሚስት ጫማቸውን አውልቀው ሻይ ይጠጣሉ። መኪናቸው ውስጥ እያደሩ አገር ለሚዞሩ ሰዎች የተሠራ ዕቃ መሆኑ ነው።

«አባቴ ሽርሽር የሚወጡ ሰው አይደሉም» አልኳት።

«ሽርሽርም ቢሆን ባትሪው የእናንተው ዓይነት ነው» አለች ዝግ ብላ። «ቀስ ብሎ ያልቃል፣ ቀስ ብሎ ይሞላል።»

ልትሸጥ እንጂ ልታስተምር አልተቀመጠችም ብዬ በልቤ ናቅኳት። አጎቴ ደግሞ ቀላሉን ከሥሩ ብድግ አደረገና ጀርባውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አስቀመጠው። «ሥጋ የለውም» አለ። ቀጥሎ ባለብረቱን አነሳ። «ማሻአላህ፣ ይኼስ ላት አለው።»

ሳቅኩበት። ስቄም ባለብረቱን ገዛሁ። ምክንያቴ ግን የእሱ ዓይነት አይደለም፤ እኔ ክብደቱ ከመዳብ ጥቅል እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ለተማሪዎቼም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ አሳያለሁ። የበግ ነጋዴው በእጁ የመዘነውን እኔ በሰሌዳ መዘንኩት፤ ልዩነታችን ይኼ ብቻ መሆኑን ያን ቀን አላየሁትም።

ባትሪውንም ቻርጀሩንም አባቴ አልጋ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ለጥየቃ የመጣ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ ገለጻ ሳይሰማ አልወጣም። ቻርጀሩ ቀንም ሌሊትም ያጉረመርማል፤ አጎቴ ድምፁን እየሰማ «ጉልበቱ ነው» ይላል። አንድ ቀን፣ ቤቱ በእንግዳ እንደተሞላ፣ አባቴ ቀና ብለው «ልጄ፣ ይሸታል እንዴ?» አሉኝ።

«ባትሪ ሲሞላ እንዲህ ነው፣ አባባ። ፊዚክስ ነው» አልኳቸው። እንግዶቹ ሳቁ። አባቴም ፈገግ ብለው «ይሁን» አሉ።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳ ላይ ጋቢ ደርበው ንፋስ ሲመታቸው አገኛቸው ጀመር። ግቡ ስላቸው ፀሐይ እየሞቅሁ ነው ይላሉ፤ ፀሐይ ግን የለም። ቆየት ብለው አልጋቸውንም ወደ በረንዳው አስወጡት። ሳላቸው ባሰ። እኔ ብርዱን ሰደብኩ፣ አቧራውን ሰደብኩ፣ የሽማግሌ ግትርነት መድኃኒት የለውም ብዬም አማኋቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ጠፋ፤ አባቴንም ሕመሙ ያዛቸው። ሮጬ የባትሪውን ጉልበት ለማሽኑ የሚለውጠውን ኢንቨርተር ከፈትኩ። ማሽኑ ሁለት ጊዜ እፍ አለና ቆመ። ባትሪውን ጎንበስ ብዬ ሳየው ጎኑ አብጧል፣ ክዳኖቹ ዙሪያ አሲድ ወዝቷል፣ ስከፍተው የተበላሸ እንቁላል ሽታ አፍንጫዬን መታው። ውስጡ ደርቋል። ያ ከባድ ብረት ባትሪው ሞላ አልሞላ ሳይል ስንት ሳምንት ሙሉ ሲገፋበት፣ ውሃውን አፍልቶ ጨርሶታል። እንፋሎቱን ደግሞ የታመመ ሰው ክፍል ውስጥ ለቆታል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ነው፤ እኔ ግን አላዋቂ ነኝ ለማለትም ምክንያት የለኝም።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው። ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ ሽታው እንደሚያፍናቸው ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው።

«አንዴ ነገርኩህ» አሉ። ትንሽ አርፈው «ሁለተኛ ብናገር በሰው ፊት ታፍራለህ» አሉኝ።

በማግስቱ ሱቅ ሄድኩ፤ ያለ አጎቴ። ባለሱቋ እንድትሰድበኝ፣ ቢያንስ ነግሬዎት ነበር እንድትለኝ ፈለግሁ። እሷ ግን «አባባ እንዴት ናቸው?» ብላ ቀላሉን ቻርጀር ከመደርደሪያ አወረደች። ቤት ወስጄ፣ አዲስ ባትሪ አስመጥቼ፣ ሁለቱንም ከመኝታ ቤቱ ውጪ መተላለፊያው ላይ አቆምኳቸው። ባትሪው ሲሞላ አረንጓዴ መብራት በራና ቻርጀሩ ዝም አለ።

ከሆስፒታል የተመለሱት አባቴ በሩ ላይ በዘንጋቸው ተደግፈው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ልክ የሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«እንግዲህ አልጋዬን ላስገባ፣ ልጄ?»