ነፋስ የነቀለው የጋሽ ታደሰ ድንኳን

ዛሬ ከሰዓት መሪ በሚባለው ሰፈራችን ነፋስ የለቅሶ ድንኳን ነቅሎ ወሰደ።

ጎረቤታችንን ጋሽ ታደሰን ቀብረን ተመልሰን ቁጭ እንዳልን ነጎድጓዱ ጮኸ፤ ነፋሱም ተከትሎ መጣ። ወንዶቹ ሁሉ ቋሚውን ይዘን ተንጠለጠልን። እኔም አለሁበት፣ ምን እንደረዳሁ እንጃ።

ድንኳኑ የጎረቤት ቆርቆሮ ገንጥሎ የመብራት ሽቦ ላይ ተሰቀለ።

የጋሽ ታደሰ ባለቤት እትዬ አስካለ ከቤት ወጥተው ዝናቡ ውስጥ ቆሙ። «ይግቡ እንጂ እትዬ!» ስላቸው ሽቦውን እያዩ «እሱ የተከለውን ነፋስ ነቅሎት አያውቅም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የእድሩን ድንኳን ሁሌም የሚተክሉት ጋሽ ታደሰ ነበሩ። የራሳቸውን ግን እኛ ተከልነው።

መብራት የለም። እናንተ ሰፈርስ ነፋሱ ምን አደረሰ? ድንኳን የሚተክሉላችሁ ሰው በሕይወት ካሉ ግን መጀመሪያ ሄዳችሁ ገመዱን እንዴት እንደሚወጥሩት ጠይቋቸው።