ነፋሱ ስድስት ነው

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የአየር ጠባይ ታዛቢ ሆኜ ስሠራ ነፋስን በዓይኔ መመዘን ለምጄ ነበር። የፍጥነት መለኪያው ቶሎ ቶሎ ይበላሻል፤ መለዋወጫ ደግሞ የለም። እኛ ግን ከዜሮ እስከ አሥራ ሁለት የሚሄድ የነፋስ ደረጃ ነበረን። ጭስ ቀጥ ብሎ ከወጣ ዜሮ፤ ቅጠል ከተንሿሿ ሁለት፤ ትልልቅ ቅርንጫፍ ከተወዛወዘና የስልክ ሽቦ ካፏጨ ስድስት። ስድስት ማለት በሰዓት ከአርባ እስከ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ከእንቅልፌ ተቀስቅሼ ብጠየቅም እመልሳለሁ።

የላብ አደሮች ቀን ሊከበር ሲል ጉርድ ሾላ፣ ከቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ ከፍ ያለ የእንጨት መወጣጫ ተሠራ። የመሪዎች ሥዕል ያለበት፣ የቤት ጣሪያ የሚያህል ሸራ ሊሰቀልበት ነው። እንዲሰቅሉ ከታዘዙት አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ከሥራ ስመለስ ላይ ወጥቶ አየሁት። ሽቦው ያፏጫል፤ ባሕር ዛፉ ከነቅርንጫፉ ይወዛወዛል። ሸራው ከተዘረጋ እሱንም መወጣጫውንም ይዞ እንደሚሄድ አላጣሁትም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዛሬ አይሰቀልም፤ ነፋሱ ስድስት ነው» አልኩ።

ሥር ቆሞ የሚያሠራው የቀበሌው ሊቀመንበር ሳቀ። «ስድስት ኪሎ ሜትር? እኔ በእግሬ ስሄድ እንኳ ከዚያ አላንስም። ለመሆኑ መሣሪያው ነው እንዲህ ያለሽ?»

«መሣሪያው ተበላሽቷል፤ ዓይኔ ግን አልተበላሸም። ስድስት ያልኩት ደረጃውን ነው፣ ኪሎ ሜትሩ...»

ሳልጨርስ ጀርባውን ሰጠኝ። ደሜ ፈላ። መወጣጫው ሥር ሄጄ ወንድሜን «ውረድ» አልኩት፤ ወረደ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሸራው እንደተጠቀለለ አደረ። ምንም አልወደቀም፣ ማንም አልተጎዳም፤ እንግዲህ ማስረጃ የለኝም ማለት ነው።

በማግስቱ የቀበሌው ስብሰባ ላይ ተጠራሁ። አሉባልታ ነዝተሽ የበዓሉን ዝግጅት አደናቅፈሻል፣ ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። ያኔ ግለ ሂስ ማለት ሰው ፊት ቆሞ ጥፋትን በራስ አፍ ማመን ነው፤ እምቢ ያለ ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ ከኋላ ተቀምጣ በዓይኗ ትለምነኛለች። ፈርቻለሁ። ግን እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ተነሣሁ።

«ጓዶች፣ ጥፋቴን አምናለሁ» አልኩ። «ስድስት ማለት አልነበረብኝም። በሰዓት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ማለት ነበረብኝ። ነገም እንደዚያ ከነፈሰ ወንድሜ አይወጣም።»