የባዘዘው ባጅ

መምህር ውበቱ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው አሮጌ ባጅ መልቀም ሆኗል። ሮብ ገበያና ደምበጫ ድረስ ይሄዳሉ፤ ያገለገለ ኮት ከሚሸጥበት ቆመው ደረት ደረቱን ያያሉ። የዘመቻው፣ የመሠረተ ትምህርቱ፣ የገበሬ ማኅበሩ፣ ሁሉም በባለ መስተዋት ሣጥናቸው ውስጥ ተሰክቷል። ከሁሉ አብልጠው የሚሳሱለት ግን ከሳርዲን ቆርቆሮ ተቆርጦ በቀይ ቀለም «መሬት ላራሹ» የተጻፈበትን ነው።

ባለፈው ሚያዝያ ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ጋበዛቸው። ተማሪዎቹ ሣጥናቸውን ሲከቡ፣ የቆርቆሮዋን ባጅ እያሳዩ፣ «ይቺን በስድሳ ስድስቱ ሰልፍ ደረቴ ላይ አድርጌ ወጥቻለሁ» አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሉ ኖረዋል፤ ከመደጋገሙ ብዛት ራሳቸውም ሊያምኑት ምንም አልቀራቸውም።

ልጆቹ ወደ ደጅ ሲወጡ ከወላጆች መካከል አንዲት ሴት ቀረበች።

«ጋሼ ውበቱ፣ ረሱኝ? ታየች ነኝ፤ የባዘዘው እኅት። ከይጁቤ።»

ባዘዘው በተማሪነታቸው አብረው ቤት ተከራይተው የኖሩ ጓደኛቸው ነበር። ከሰልፉ በፊት በነበረው እሑድ ዐሥራ ሁለት ባጅ ቆርጦ አንዱን ለሳቸው ሰጣቸው። የሰልፉ ዕለት ጧት ውበቱ «ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ» ብለው ተኙ፤ ባጁን ፍራሽ ሥር ደበቁት። ባዘዘው ወጣ። ከሦስት ወር እስር በኋላ እያነከሰ ተመለሰ፤ ትምህርቱም በዚያው ቀረ።

«ስንቅ ላደርስለት መጥቼ ቆርቆሮውን የያዝሁለት እኔ ነበርኩ» አለች ታየች። «ወንድሜ እስኪሞት ድረስ በክፉ አላነሣዎትም። ‹ውበቱን ያን ቀን ባያመው አብረን ነበርን› ይል ነበር።»

ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

«አላመመኝም» አሉ ድምፃቸው እየሰለለ። «ፈርቼ ነው።» ባጁን ከሣጥኑ ነቅለው ዘረጉላት።

አልተቀበለቻቸውም። «እኔ ምን ላደርገው? ይልቅ ለልጆቹ እንደሱ ብለው ይንገሯቸው።»

ልጆቹን አስጠሯቸው፤ ሁሉንም ተናገሩ። የታየች የልጅ ልጅ ሂዊ እጇን አወጣችና፣ «መፍራትዎስ እሺ፤ ታዲያ ቅድም ለምን ዋሹን?» አለቻቸው። ርእሰ መምህሩ ነገሩን ለማብረድ ሲያስጨበጭብ ያጨበጨበው ከዐሥር አይበልጥም፤ ጭብጨባው ራሱ እንደ ጅራፍ ተሰማቸው።

በሰኔ የባዘዘው ሙት ዓመት ሲደርስ ታየች ላከችባቸው። መጀመሪያ መናኸሪያ ደርሰው ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ እንደገና ወጥተው ይጁቤ ገቡ። ከእንግዳው ሁሉ ኋላ፣ በር አጠገብ ተቀመጡ። ታየች ራሷ እንጀራ አቅርባ፣ «እንኳን መጡ» አለቻቸው። ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም፤ አጎንብሰው ጎረሱ።